የሌሻ እንሰትና ቸኳዩ ቀኛዝማች

ሌሻ አገር፣ አዲስ ተሿሚ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ «በዓመት ውስጥ ይህን እገነባለሁ፣ ያንን አደርሳለሁ» እያለ ሲፎክር፣ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያይተው አንዲት አጭር ነገር ጣል ያደርጋሉ። የገባው ይስቃል፤ ያልገባውም አብሮ ይስቃል። ከየት እንደመጣች ስትጠይቋቸው ግን «እንዲያው ድሮ ሲባል የሰማነው ነው» ይላሉ። ምን ማለት ነው «እንዲያው»? እንዲያው የተባለ ነገር የለም! ያቺ ነገር እስክትባል ድረስ ስንት ሰው አንጀቱ አርሯል፣ ስንት ሰው ደጅ ሲጠና እግሩ ቀጥኗል። በተለይ የባላባቱ የላፌቦ።

ሌሻ በጦር ከተያዘች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በጦርነቱ የላፌቦ አባት ወደቁ፤ ሠራዊቱ ጉብታው ላይ ሰፈረ፤ መሬቱ ለዘማቹ ተደለደለ፤ ገበሬው ገባር ተባለ። ላፌቦም የአባቱ ልጅ ነውና ባላባት ተብሎ ተሾመ። ባላባትነት ለሰሚው ያምራል እንጂ ያኔ ሥራው የበር መቃን መሆን ነው፤ ገቢውም ወጪውም የሚላተመው ከእሱ ጋር ነው። ገዢው ያዘዘውን ለሕዝቡ ያወርዳል፣ ሕዝቡ ያለቀሰውን ለገዢው ያወጣል፣ ከሁለቱም ወገን ይሰደባል።

ይሁን፣ ይህንንስ ለመደው። ያልለመደው ሌላ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት አምስት ገዢ ተቀያየረ፤ አምስቱም ከበቅሎ ሳይወርዱ፣ በየቤቱ ዙሪያ የቆመውን እንሰት እያዩ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። «ይህ ምንድን ነው?»

ሰዎቹ የመጡት ጤፍና ገብስ ከሚዘራበት አገር ነው። በነሱ አገር እንሰትን የምትመስለዋ ኮባ ናት፤ ኮባ ደግሞ ቅጠሏ ዳቦ ይጋገርበታል እንጂ ግንዷና ሥሯ ይበላል ብሎ ያሰበ የለም። ሌሻ ግን የምትኖረው በእንሰት ነው። ከችግኝ ተነሥቶ፣ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ፣ በሰባት ዓመቱ ይደርሳል። ከዚያ ሴቶች ግንዱን ፍቀው፣ ሥሩን ቀጥቅጠው፣ በቅጠል ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ወራት ቆይቶ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል። ዝናብ ቢቀር፣ አንበጣ ቢወርድ፣ ጓሮው እንሰት ያለው ሰው አይራብም።

የመጀመሪያው ገዢ፣ አገሩን ያቀኑት ፊታውራሪ፣ «ኮባ ነው፤ ቅጠል አስራት የለበትም» ብለው አለፉ። ሕዝቡ ተመስገን አለ። እሳቸው ሲሻሩ የተተኩት «ዛፍ ነው፤ ያለ ፈቃድ ዛፍ የቆረጠ ይታሰራል» አሉ። ሰው ጓሮው የቆመውን ምሳውን ለመቁረጥ በገዢው ግቢ በር ላይ ተኮልኩሎ ዋለ! ሦስተኛው «ጎመን ነው» አሉና በየሳምንቱ ለወጥ ቤት ይቅረብ ብለው አዘዙ፤ ጭራሽ በግቢው ማሳ ላይም አስተከሉ። አራተኛው ብልህ ነበሩ፤ ነገሩን ወደ መናገሻው ጽፈው መልስ ጠበቁ። መልሱ ሳይመጣ ሽረታቸው መጣ።

ሁሉም ዘንድ ላፌቦ ኩታውን አደግድጎ ይቀርባል። «ጌታዬ፣ ይህ እንሰት ይባላል…» ብሎ ከሀ ይጀምራል። አማርኛ የተማረው እንሰትን ሲያስረዳ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። የሚለውን ጸሐፊው ይጽፋል፤ ጸሐፊው ከጌታው ጋር ሲነሣ ወረቀቱንም ጭኖ ይሄዳል፤ አዲሱ ጸሐፊ ባዶ ወረቀት ይዞ ይመጣል። እህህ! ሰው ድንጋይ እንኳ ቢሆን ይህ ነገር ያንገፈግፈዋል።

አምስተኛው ገዢ ቀኛዝማች ዘርጋው ይባላሉ። የመጡት በመስከረም ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ላፌቦ ራሱ ኋላ ሲያወራ ይመሰክርላቸዋል። ችኩል ነበሩ እንጂ! ወጥ ሳይበስል ክዳን የሚከፍቱ፣ መልእክተኛ ልከው መልእክተኛው ሳይመለስ ሌላ የሚልኩ ሰው ነበሩ። በዚያ ላይ «ሌሻ የተሾመ አይከርምም» ሲባል ሰምተዋል። ስለዚህ ሳይሻሩ በፊት ወደ መናገሻው ስም የሚያስጠራ ግብር መላክ ፈለጉ። ዓይናቸውን አቅንተው ሲያዩ ዳገቱም ቁልቁለቱም እንሰት ነው። ይህ ሁሉ እህል ሳይታጨድ ቆሟል ብለው ደነገጡ።

በሦስተኛው ሳምንት ነጋሪት ተጎሰመ። «ስማ! ያልሰማህ ስማ! እንሰት እህል ነው። እህል ደግሞ በየዓመቱ ይታጨዳል። በኅዳር ትልቅ ትንሽ ሳይባል ታጭዶ በአውድማ ይከመር፤ አስራቱም ከክምሩ ይውጣ።»

በአውድማ! እንሰት በአውድማ! ላፌቦ መጀመሪያ የሰማውን አላመነም። እንደ ነገሩ አደግድጎ እየሮጠ ግቢ ገባ። ቀኛዝማች ሰገነታቸው ላይ ሆነው ለጸሐፊያቸው ደብዳቤ ያስጽፋሉ።

«ጌታዬ፣ ይህ እንሰት ይባላል…»

«ስሙን አውቃለሁ» አሉ ቀኛዝማች። «የሚታጨደው መቼ ነው?»

«አይታጨድም ጌታዬ። ይፋቃል። ሲደርስ።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«በሰባት ዓመቱ።»

ቀኛዝማች ሳቁ። ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው «ሰባት ዓመት መሬት ላይ የሚቆይ እህል ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉት።

«ኧረ እኔ እንጃ!» አለ ጸሐፊው። እሱም የጤፍ አገር ሰው ነው።

«ይኸው! አንተ ሰውዬ፣ እስክሻር ልታስጠብቀኝ ነው?»

«ጌታዬ፣ ትንሹ ከትልቁ ጋር ከተቆረጠ የምንቆርጠው የዘንድሮውን ብቻ አይደለም። የከርሞውን፣ የከርሞ በስቲያውን፣ የስድስት ዓመቱን ምግብ ነው። ሌሻ ባዶዋን ትቀራለች። ልጆቻችን ያልቃሉ።»

«አስራት በተባለ ቁጥር የገበሬ ልጅ ያልቃል!» ቀኛዝማች እጃቸውን አወናጨፉ። «ኅዳር ሲወጣ አንድ እንሰት ቆሞ ባይ፣ አንተን በእግር ብረት፣ መሬትህን ለሌላ። ሂድ!»

ላፌቦ ደሙ ፈልቶ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ብቻውን ሲለፈልፍ የሰማው ሰው አበደ ብሎ ነበር። «ሰባት ማለት ሰባት ነው! ምኑ ይከብዳል? ጣት የለውም? አሥር ጣት አለው፣ ሦስቱን ይጠፍ!» እያለ ቁልቁል ወረደ። የወረደው ወደ አማ ዋሬ ነው። አማ በአገሩ ቋንቋ እናት ማለት ነው። አማ ዋሬ ባላቸው በዚያው ጦርነት የሞተባቸው፣ መሬታቸው ለግቢው የተወሰደባቸው አሮጊት ናቸው። የእንሰቱን ግንድ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው «ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» ካሉ አገሩ በሙሉ የሚያምናቸው እሳቸውን ነው።

ሌሻ ውስጥ እንሰት ሲተከል ወንድ ቢያግዝም፣ መቼ እንደሚቆረጥ የሚወስነውና የሚፍቀው ሴት ነው። ወንድ ወደ መፋቂያው ቦታ አይጠጋም፤ ባላባትም ቢሆን ነውር ነው። ስለዚህ ላፌቦ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የተናገረው።

«አማ፣ አለቀልን።»

«ይኸኛው ደግሞ ምን አለ?»

«እህል ነው አለ። ትንሽ ትልቁን በኅዳር ቁረጡ አለ።»

«ወይ ጉድ! ጎመን ነው ያለውስ የት ሄደ?»

«ተሻረ እኮ አማ! ሁሉም ተሻረ። እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ይህን ነገር ስናገር ልሞት! ተናግሬ ተናግሬ ደከመኝ። ባልናገር ደግሞ አገሩ ሊያልቅ ነው።»

አማ ዋሬ እየፋቁ ጠየቁ። «ስማ ልጄ፣ በነሱ ሥርዓት የጌታው ማሳ ሳይነሣ የገባር ማሳ ይነሣል?»

«አይነሣም። ከሁዳዱ በፊት የራሱን ያጨደ ይገረፋል።» ሁዳድ ማለት ገባሩ በነፃ የሚያርሰው የገዢው የራሱ ማሳ ነው።

«ሁዳዱ ላይ ሁለት መቶ እንሰት ቆሟል። እንግዲያው የሳቸው ይቅደም በላቸው። ሥርዓቱን ያመጡት እነሱ ናቸው፣ እነሱው ይጠብቁት።»

ያንን እንሰት የተከሉት ራሳቸው አማ ዋሬ ናቸው፤ መሬቱም የባላቸው ነበር። ለግቢ ሥራ ተጠርተው፣ በገዛ መሬታቸው ላይ ለሌላ ሰው፣ ሁለት መቶውን ችግኝ ከምራቶቻቸው ጋር ተከለዋል። ከዚያ ወዲህም ሲያልፉ ሲያገድሙ አረሙን ይነቅሉለት ነበር።

«አማ፣ እነዚያ የእርስዎ ናቸው እኮ» አለ ላፌቦ።

የመፋቂያው ድምፅ ለአፍታ ቆመ። «አውቃለሁ። ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ገና ልጆች ናቸው። የአገር ሁሉ ከሚቆረጥ እነሱ ይቆረጡ።» አማ ዋሬ አፍንጫቸውን ሳብ አድርገው መፋቃቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ላፌቦ በጉባኤ ፊት ቀረበ። የጌታ ሁዳድ ይቅደም ሲል ቀኛዝማች ፊታቸው በራ። «ይኸውልህ! ስትፈራ ሥርዓት ታውቃለህ።»

«አንድ ነገር ብቻ ጌታዬ። ሕዝቡ ፈርቷል፤ አገር ጥሎ ሊሰደድ ነው። የሁዳዱን ቆጮ በልተው እስኪጠግቡ የገባሩ እንደማይነካ ቃል ይስጡት፤ ይረጋል።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

ላፌቦ እውነቱን ተናገረ። «ወራት ጌታዬ።»

«በአሥራ አምስት ቀን እበላዋለሁ!» ቀኛዝማች ተነሡ። «ጊዮርጊስን! ከሁዳዴ በልቼ ሳልጠግብ የገባር እንሰት አላስነካም!» ጉባኤው አጨበጨበ። ጸሐፊውም ጻፈ። ላፌቦ ምድር ስሞ ወጣ።

ሥራው ተጀመረ። ቀኛዝማች ግን ቤት መቀመጥ አልቻሉም። በመጀመሪያው ቀን በቅሏቸውን አስጭነው ወደ መፋቂያው መጡ። ሴቶቹ ወንድ ሲያዩ መፋቂያቸውን ጥለው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ቁጭ አሉ። ቀኛዝማች «ምነው ቆሙ?» ብለው ጮኹ። ላፌቦ ከሩቅ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ካልሄዱ አይፋቅም።»

«የራሴን እህል እንዳላይ?»

«እንዳያዩ።»

ሄዱ። ከቀትር በኋላ ተመልሰው መጡ። ሴቶቹ እንደገና ቁጭ አሉ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ይኸው ነው። አጋፋሪያቸው በአለንጋ አስፈራራቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። የአራት ቀን ሥራ አሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። ሲያልቅ ደግሞ ከሁለት መቶው ለጋ እንሰት የወጣው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሦስት ጉድጓድ ሊሞላ የሚገባው የአንዱን ወለል እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። አማ ዋሬ በቅጠል ሸፍነው፣ ድንጋይ ጭነው «እንግዲህ ይቀመጥ» አሉ።

ማን ያስቀምጠዋል! በተቀበረ በአሥራ አምስተኛው ቀን ቀኛዝማች ጉድጓዱን አስከፈቱ። ሽታው ከበቅሎዋ ሊጥላቸው ነበር። የሆነው ይሁን ብለው አስጋገሩና ቀመሱ፤ ተፉት። ተከደነ። በሳምንቱ እንደገና አስከፈቱ፤ እንደገና ተፉ። አማ ዋሬ በሦስተኛው ጊዜ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ለመኑ። «ጌታው፣ ነፋስ ሲገባው ይበላሻል። ልጅ በማሕፀን ሳለ በየሳምንቱ ተከፍቶ ይታያል?» ላፌቦ አስተረጎመ። ቀኛዝማች «ዞር በይ አንቺ ሴትዮ» ብለው አስከፈቱ። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ስድስት ጊዜ ተከፈተ። ከላይ ሻገተ፣ ከታች ጠቆረ። ውሻ እንኳ አሽትቶ አለፈው።

ኅዳር ወጣ፤ ታኅሣሥም ጥርም ወጣ። ግቢው የሚልከው ግብር የለም። የካቲት ላይ ቀኛዝማች ትዕግሥታቸው ተሟጠጠ። ጉባኤ ጠርተው «ሁዳዱ ገደል ይግባ! የገባሩ ይቆረጥ!» ብለው ጮኹ።

ላፌቦ ብድግ አለ። እግር ብረቱ በአጋፋሪው እጅ ተንጠልጥሎ ይታየዋል። «ጌታዬ፣ ጠገቡ?» አለ።

«ምን?»

«ከሁዳዱ በልተው ጠገቡ ወይ? ቃልዎ እንዲያ ነበር።»

ቀኛዝማች ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው ወረቀቱን ገልጦ፣ አንገቱን ደፍቶ «ጊዮርጊስን ብለዋል ጌታዬ» አለ። ቀኛዝማች ከንፈራቸውን ነከሱ። ችኩል ይሁኑ እንጂ መሐላ የሚበሉ ሰው አልነበሩም። ኩታቸውን እየጎተቱ እልፍኝ ገቡ። ላፌቦ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ሰው ደግፎ አነሣው።

ሰኔ ሲገባ የቀኛዝማች ሽረት መጣ። ተተኪው ግራዝማች ከነጓዛቸው ከች አሉ። ርክክቡ የሚሆነው ከግቢው በታች፣ ባዶ ከቀረው ሁዳድ አጠገብ ነው። አሮጌው ገዢ የተጫኑ በቅሎዎቻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ባላባቱ እንደ ደንቡ አደግድጎ ይጠብቃል። ግራዝማች ከበቅሎ ሳይወርዱ አገሩን ከዳር ዳር ቃኙ። ዳገቱም ቁልቁለቱም ለምለም ነው። «ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

ላፌቦ አፉን ከፈተ። «ጌታዬ፣ ይህ…» ስድስተኛው! ከሀ ሊጀምር ነው! ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የንዴት እንባ።

ያልተጠየቁት ቀኛዝማች ዘርጋው ዘለው መሐል ገቡ። «ወንድሜ፣ እሱን ተው! እንሰት ይባላል። አይታጨድም፣ ይፋቃል። ሲፋቅ እንዳትጠጋ። ጉድጓዱን እንዳትከፍት፣ በእመቤቴ እንዳትከፍት! ሰባት ዓመት ነው። ሰባት!» ሰባት ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩ። ላፌቦ ባፉ ሳይሆን በዓይኑ አመሰገናቸው።

ግራዝማች ፈገግ አሉ። «ለካ ለዚህ ነው የተሻርከው። ዓመት ሙሉ ተቀምጠህ ኮባ ማስቆረጥ አቃተህ? እኔ በመጪው ኅዳር አደርሰዋለሁ።»

ቀኛዝማች ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። ላፌቦን አዩት፤ ላፌቦም አያቸው። ከዚያ ላፌቦን ሳቅ ያዘው፤ ያልጠበቀው፣ ከሆዱ የመጣ ሳቅ ነው። አፉን በኩታው ቢሸፍነውም እምቢ አለው።

ከሁዳዱ ውስጥ አማ ዋሬ ቀና አሉ። ጠዋት ከምራቶቻቸው ጋር አዲስ ችግኝ ሊተክሉ መጥተው ነበር። «ምን አለ ይኸኛው?» ብለው ላፌቦን ጠየቁ። ላፌቦ ሳቁን እየዋጠ ነገራቸው። አሮጊቷ የእጃቸውን ጭቃ ጠራረጉ፤ አዲሱን ገዢ ከነበቅሎዋቸው ከላይ እስከ ታች አዩአቸው፤ በአሥራ ሦስት ዓመት በለቀሟት አማርኛ፣ ያለ አስተርጓሚ እንዲህ አሉ፦ «ሹም በዓመቱ፣ እንሰት በሰባቱ።»